«ምንም» የተሰረዘበት ልደታ

ሐምሌ 1 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

በየወሩ በልደታ ጠዋት በሩን ቀርቅሬ፣ ቀሚሴን አውልቄ፣ ደረቴንና ብብቴን በሦስት ጣቴ እዳስሳለሁ። ከዚያ ይህን ደብተር አውጥቼ ቀኑንና «ምንም» የምትለዋን ቃል እጽፋለሁ። ያዘዘችኝ የአስመራዋ ነርስ ናት። ቀኝ ጡቴ ተቆርጦ ከሆስፒታል ስወጣ፣ «የማትረሺውን ቀን ምረጪ። ያገኘሽውን ጻፊ፤ ባታገኚም ጻፊ» አለችኝ። ልደታን የመረጥሁት የወር መባቻ ስለሆነች ነው እንጂ የጽድቅ ነገር የለበትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ደብተሬ እንደ ሰነፍ ተማሪ አንድ ቃል ሲደግም ኖረ።

ዛሬም «ምንም» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ ሰረዝሁት።

በግራ ብብቴ ሥር አለ። የባቄላ ፍሬ ያህላል። ስጫነው ይሸሻል፣ ስለቀው ይመለሳል። አያምም። የዚያን ጊዜውም አያምም ነበር።

ሐምሌ 2

አለ።

ሐምሌ 4

ዛሬ አልነካውም ብዬ ማልሁ። እስከ ምሳ ሦስት ጊዜ ነካሁት።

ባሌ ይግዛው ከፍርድ ቤት ሲመለስ «እጅሽ ብብትሽ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለኝ። «በረደኝ» አልሁት። ዐሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረ፣ የሰው ክስና መልስ ሲጽፍ የሚውል ሰው ይችን ውሸት አምኖ ጋቢውን ደረበልኝ። ጋቢው ስር ሆኜ አለቀስሁ። ልነግረው ይገባ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ።

ሐምሌ 5

አልነገርሁትም።

ሐምሌ 9

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ስለተዘጋ የሚያስረሳኝ ሥራ የለም። አርባ የአንደኛ ክፍል ልጆች «ሀ ሁ» ሲጮሁ ሰው ስለ ብብቱ አያስብም። አሁን ግን ዝናብና እኔ ብቻ ነን፤ ማሬም አለች። ወለሉን በጠመኔ ስታቆሽሽ ዋለች። የምትስለው ዶሮ ነው ትላለች፤ ለእኔ ግን ክቡ ሁሉ እጢ ይመስለኛል።

ማሬ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ይታየሽ እኔ ቤት ያደገች፣ እኔው ድሬ ወደ ሰሃላ የሰደድኋት ልጅ ነበረች። ባለፈው ኅዳር አሟት ባሏ ምትኩ በቃሬዛ አመጣልኝ። ሁለት ወር እኔ ዘንድ ተኛች። ሳሉ ጋደም አላስብል ሲላት ደረቴ ላይ ደግፌ አሳድራት ነበር። ጥር ላይ አረፈች። ሰው ሁሉ ምች ነው አለ፤ እኔም ምች ነው አልሁ። ልጅቱ እዚሁ ቀረች።

ከመስቀል በኋላ ምትኩ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ፣ ጡቴ ማር ተቀብቶ ማሬ ትቀምሳለች፣ እኔም እምላለሁ። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጄ ናት። ከአብራክ ልጅ አትለይም፤ ትወርሰኛለች፣ ትቀብረኛለች። አልወለድሁም። ከነበሩኝ ሁለት ጡቶች አንዷ አስመራ ቀረች፤ ሌላዋን ለዚህ ቀን ብዬ እንደ አደራ ይዣት ነበር። ባቄላው የበቀለው ከእሷው አጠገብ ነው።

የቀኝ ደረቴ ጥጥ መሆኑን ከይግዛውና ከአክስቴ ከእማሆይ ወለተ ሰንበት በቀር በዚህ አገር የሚያውቅ የለም። ሰቆጣ ይህን ብታውቅ ኖሮ ሌላ ወሬ ባላስፈለጋት ነበር።

ማሬ ምሳዋን አልጨረሰችም። የክረምት ሆድ ይሆናል።

ሐምሌ 15

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ድሬሰሩ አቶ ገብረ ጻድቅ ጨዋ ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በቀሚሴ ላይ ዳሰሰኝ። ጣቱ ሲቆም አወቅሁ።

«ማታ ማታ ያልብዎታል?» አለኝ።

«ያልበኛል። የፍርሃት ነው።»

«ከስተዋል?»

«በክረምት ማን ይወፍራል?»

የሆነ ነገር ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኔ ይኸን በእጄ ለይቼ ልናገር አልችልም። ደሴ ቆርጠው በመሣሪያ ያዩታል። አሁን ግን የኮረም መንገድ ጭቃ ነው፣ ወንዙም በቅሎ አያሻግርም። ነሐሴ ይጋመስ። አጆኺ፣ መምህርት» አለ። ሲያዝን ትግርኛው ያመልጠዋል። አይዞሽ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 22

ይግዛው ከሥራ ሲወጣ ደጅይጥኑ ቤት ጎራ ማለት አብዝቷል። ደጅይጥኑ ጠላ ሻጭ ናት። ባል የላትም። ሁለት ጡት አላት።

ዛሬ ከምንጭ ስመለስ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ይሄዳሉ፤ አላዩኝም። «አቶ ይግዛው በቅሎ ሊገዛ ነው አሉ፤ ከደጅይጥኑ ጋር ሲማከር ነው የሚውለው» አለች አንዷ። «በቅሎው ለመሄጃ ነው ለመሸሻ?» አለች ሌላዋ። ተሳሳቁ። እኔም እንስራዬን አዝዬ ድምፄን አጥፍቼ ተከተልኋቸው፤ የሚቀጥለውን ለመስማት። አስተማሪ መሆኔ ቀርቶ ወሬ ለቃሚ ሆንሁ።

ቢሸሽ አልፈርድበትም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። እፈርድበታለሁ።

ነሐሴ 1፣ ልደታ

ሁለት ሆነዋል። ከባቄላው በታች የምስር ያህል አንድ ሌላ።

የፍልሰታ ጾም ገባ። እማሆይ መጥተው ፊቴን አገላብጠው አዩ። «ጾሙ ዛሬ ገባ፤ አንቺ መቼ ጀመርሽው?» አሉኝ። ሳቅሁ። «ጸበል እንሂድ» አሉ። ጸበል ቢሄዱ ልብስ ማውለቅ አለ፤ ልብስ ቢወልቅ ጥጡ አለ። «ሥራ አለብኝ» አልኋቸው። «ትምህርት ቤት ተዘግቶ?» ብለው ዝም አሉ። እማሆይ ዝም ሲሉ ከሚናገሩት ይብሳል።

ነሐሴ 6

የአስመራው ሐኪም በየዓመቱ ተመለሺ ብሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሄድሁ። በሦስተኛው መንገዱ ራቀኝ። በአራተኛው ደህና ነኝ አልሁ። ከዚያ ወዲያ መፍራት ሰልችቶኝ ተውሁት። ፍርሃቱ ግን እኔን አልተወኝም፤ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ነሐሴ 11

ላብ። ሁለት ጊዜ ሸሚዝ ቀየርሁ።

ማሬ አብራኝ ካልተኛች አታንቀላፋም። ትንሽ ታስላለች። የጭስ ነው፤ ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት አለብኝ።

ነሐሴ 18

ጾሙ ከተፈታ ሁለተኛ ቀን። ይግዛው በጠዋት አንዲት ጠይም በቅሎ እየሳበ ግቢ ገባ።

«ከነገ ወዲያ እንነሳለን» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ደሴ። ወንዙ ጎድሏል። የደጅይጥኑ ወንድም የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ ኮረም ላይ ሁለት ቦታ ይዞልናል።»

መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። «ማን ነገረህ?»

«ደብተርሽ ተገልጦ አገኘሁት። የሰው ደብተር አላነብም። አንዲት ሰረዝ ብቻ አየሁ። ሰባት ዓመት ሰርዘሽ አታውቂም። ጸሐፊ ነኝ እኮ፤ ሰረዝ አያልፈኝም።»

«ታዲያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አልህ?»

«አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

በደጅይጥኑ ላይ ያሰብሁትን ሁሉ እያስታወስሁ አፈርሁ። ይግዛው በቅሎዋን ሊያጠጣ ሄደ። በመስኮት ሳየው አንገቷን ይዞ ግንባሩን አስደግፎባት ቆሞ ነበር።

ነሐሴ 27፣ ደሴ

ሦስት ቀን በጭቃ፣ አንድ ቀን በአውቶቡስ። ትናንት ቆረጡት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉምለት ጢሙ ገና ያጎነቆለ ልጅ። ሥጋው በጠርሙስ አዲስ አበባ ይላካል። ውጤቱን በቴሌግራም ኮረም እንልክልዎታለን አሉ። አንድ ወር።

ከጎኔ አልጋ ላይ ያለችው ሴት «እርስዎ ምንዎን ነው?» አለችኝ። «ብብቴን» አልሁ። «እኔ ጡቴን» አለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ምነው «እኔም» ብያት ኖሮ።

ጳጉሜን 4፣ ሰቆጣ

ገባን። ማሬ እማሆይ ዘንድ ከርማ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሳነሳት ቀለለችኝ። እማሆይ በሽሮ ብቻ አቆይተዋት ይሆናል። ብነግራቸው ይቆጣሉ፤ አልነገርኋቸውም።

መስከረም 1 ቀን 1960፣ ልደታ

ዘመን ተለወጠ። ቁስሉ ገና ስለሆነ አልዳሰስሁም። በደብተሩ ላይ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ቀኑን ብቻ ጻፍሁ።

ማሬ ከጎረቤት ልጆች ጋር አደይ ይዛ ልትዘፍን ወጣች። ከሁለት ቤት በኋላ ደከመኝ ብላ ተመለሰች።

መስከረም 12

እነሆ እንዲህ ሆኛለሁ፦ ሰው ከኮረም መጣ ሲባል ደጅ እወጣለሁ። ጨው ነጋዴ ቢሆን፣ ወታደር ቢሆን፣ እጁን አያለሁ፤ ወረቀት ይዞ እንደሆን። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍሁ በር ሲንኳኳ ጠመኔው ተሰበረ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

መስከረም 18

ምትኩ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከሰሃላ መጣ። ማሬ አባቷን ስታይ ከቀሚሴ ኋላ ተደበቀች፤ ኋላ ግን ትከሻው ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ምትኩ ቤቱ ውስጥ በአገውኛ የሚናገር ሰው ነው፤ በአማርኛ ቃል አያባክንም። «እትዬ» አለኝ፣ «ይታየሽ ስትሞት ልጄን ለእትዬ ብላኛለች። ማሩን ይዤ መጥቻለሁ።» ትንሽ ቅል ከአገልግሉ አወጣ። ነጭ ማር ነው፤ የራሱ ቀፎ።

ቀኑን ለማርያም ቆረጥን፤ ከሦስት ቀን በኋላ።

ከዚያ በፊት ቴሌግራሙ እንዳይመጣ ጸለይሁ። ይኸን ደግሞ ለማን እንደምናዘዝ አላውቅም።

መስከረም 19

መጣ። ኮረም የነበረ ነጋዴ ነው ያመጣው።

«ነቀርሳ ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። አስመራ አስተርጓሚው አልጋዬ አጠገብ ቆሞ የተናገረው ይኸንኑ ቃል ነው፤ ነቀርሳ። በሰባት ዓመት አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

ይግዛው አነበበው፣ አጠፈው፣ እንደገና ዘረጋው። ክስ ሲመረምር እንዲህ ያደርጋል፤ ስህተት ሲፈልግ። አላገኘም።

መስከረም 20

ዛሬ ያደረግሁትን ልጻፈው።

በጠዋት ምትኩን ደጅ ጠርቼ «ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ልጅህን ውሰዳት» አልሁት።

መሬት መሬት አየ። «ምን አጠፋች፣ እትዬ?»

«ምንም አላጠፋችም። ትምህርት ቤቱ ሥራ አብዝቶብኛል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «በመስከረም ማርያም ዋዜማ የተሰጠ ልጅ ይመለሳል እንዴ?» አለ። ምትኩ ቅሉን መልሶ አገልግሉ ውስጥ ከተተው።

ይግዛው ጓዳ ጎትቶኝ ገባ። «በሽታሽን ንገሪው እንጂ! ሰውየው ልጄን ናቁብኝ ብሎ ሊሄድ ነው።»

«ብነግረው ሊያዝንልኝ ነው፤ አዝኖልኝ ሊተዋት ነው። አንዲት እናት ቀብራለች። ሁለተኛ አላስቀብራትም።»

ማሬ ወዴት እንደምትሄድ አልገባትም። ሌላ ሽርሽር መስሏት አዲሱን ቀሚሷን አልብሺኝ አለች። አለበስኋት። በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን እያወዛወዘች ሄደች። ቁልቁለቱ ከጋረዳቸው በኋላም ሳሏ ይሰማኝ ነበር። ጠዋቱ ብርዳም ነው።

ለእሷ ብዬ ነው። ለእሷ ብዬ ነው ያደረግሁት።

መስከረም 27፣ ደሴ

ረጋ ብዬ ልጻፍ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ፈገግ አለ። ጠላሁት። ልጁ አስተረጎመ፦ «ነቀርሳ ነው፤ ደስ ይበልዎ ይላሉ።»

«ነቀርሳ ምን ደስ ያሰኛል?» አልሁ። ይግዛው እጄን ያዘ።

ሐኪሙ የሆነ ነገር አለ፤ ልጁ ጠየቀው፤ ተነጋገሩ። ከዚያ ልጁ ቀላ። «የጡቱ አይደለም፣ እትዬ። የሳንባው ዓይነት ነው። እጢ ላይ ወጥቶ ነው እንጂ ያ የሚያስለው፣ የሚያከሳው። መርፌ አለው፤ ክኒንም አለው። ይድናል።»

«እና ቴሌግራሙስ?»

«ሁለቱም እኮ ነቀርሳ ነው የሚባለው። ቃል እንዳይበዛ ብዬ…»

ቃል እንዳይበዛ። አንዲት ቃል አሳጥሮ ላከልኝ፤ እኔም ባነበብሁት ማግስት ማሬን አውጥቼ ሰጠሁ። ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ ከአፌ ወጣ። ይግዛው ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። ለአንዲት አፍታ፣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልፈራሁም።

ከዚያ ሐኪሙ እስክሪብቶውን አንሥቶ ጠየቀ። ቤትዎ ውስጥ ብዙ የሚያስል ሰው ነበር?

ነበረች፤ ጥር ላይ ሞተች አልሁ። ምች ነው ብለን ነበር።

አብራችሁ ትተኙ ነበር?

አዎ።

ልጅ አለ?

ይግዛው «አለች» አለ። ሐኪሙ መጻፉን ተወ። ታስላለች? ትበላለች? ከስታለች? ይግዛው እኔን አየኝ፤ እሱ የሚያውቀውን ሁሉ እኔም አውቃለሁ። ምሳዋን አለመጨረሷን ጽፌዋለሁ። መቅለሏን ጽፌዋለሁ። ሳሏን ጽፌ ጭስ ነው ብያለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጣቴ ብብቴ ውስጥ ሆኖ የራሴን ባቄላ ስለካ፣ ልጅቱ ከጎኔ ስትቀልጥ እያየሁ ምክንያት ስሰጥ ነበር።

«ልጅ ላይ ይፈጥናል ይላሉ» አለ ልጁ፤ አሁን ቃል አላሳጠረም። «አንዳንዴ ወደ ጭንቅላት ይወጣል፤ ያኔ አይመለስም። ሳይዘገይ ትምጣ ይላሉ።»

ጥቅምት 2፣ ሰቆጣ

ድሬሰሩ መርፌዬን ወጋኝ። በየቀኑ ነው፤ ማቋረጥ የለብዎትም ብሎ ተቆጣ። ሰሃላ ደርሼ ልመለስ ነው አልሁት። «ባለቤትዎ ይሂድ» አለ። የላክኋት እኔ ነኝ አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና መርፌውንና ጠርሙሶቹን በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ለይግዛው እንዴት እንደሚወጋ አሳየው። ጸሐፊው መርፌውን እንደ ብዕር ያዘው።

ጥቅምት 4፣ መንገድ

ይግዛው ወጋኝ። አመመኝ። አላልሁትም።

ወደ ጭንቅላቷ ወጥቶ ከሆነስ? ታውቀኝ ይሆን? ሁለት ሳምንት ነው። በሁለት ሳምንት ምን ይሆናል። ምንም አይሆንም። ይሆናል።

ጥቅምት 5፣ ሰሃላ

ከቤቱ በር ደርሰን «ቤቶች» ከማለቴ በፊት ከውስጥ ሰማኋት። ሳሉ የይታየሽ ነው፤ ያው ራሱ፣ አነስ ብሎ። ዐሥር ወር ሙሉ ሌላ ስም ስሰጠው የኖርሁ ሳል። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ።

ምትኩ ወጣ። ጤና ይስጥልኝ አላለኝም። «ይታየሽን ይዤልዎ መጣሁ፤ ሬሳ ይዤ ተመለስሁ። ልጄን ሰጠሁዎ፤ መለሱልኝ። አሁን ምን ሊወስዱ መጡ?»

ሻሼን አውርጄ፣ የቀሚሴን ደረት ፈትቼ፣ ጥጡን አወጣሁና አሳየሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከኋላው ወጥቶ ነበር፤ ፊቱን አዞረ። ምትኩ ግን አየ። በዚህ ምክንያት ነው የዋሸሁህ አልሁት። እሞታለሁ ብዬ ነበር። አልሞትም፤ እሷ ግን የእናቷ በሽታ ይዟታል፣ ከእናቷ ወደ እኔም ወደ እሷም። ደሴ መድኃኒት አለው አልሁት።

ምትኩ ገባና ቅሉን ይዞ ተመለሰ። ማሩ አልተነካም ነበር። «እንግዲያው እንደ እንግዳ አይውሰዷት» አለ።

ሽማግሌው ቃሉን ተናገረ፤ እኔም ደገምሁት። ልጄ ናት፣ እናቷ ነኝ፣ ብክድ ማርያም ትፍረድብኝ። ምትኩ በጣቱ ማሩን ግራ ጡቴ ላይ ቀባ፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ማሬን ጭኔ ላይ አስቀመጧት። ሰውነቷ ያቃጥላል። መጀመሪያ አኮረፈችኝ፤ አየችኝ፣ ማሩን አየች፣ ከዚያ አፏን አስጠግታ ቀመሰች። ሁለት ጊዜ ላሰች። ሦስተኛውን ልትልስ ስትል ሳሉ ያዛትና ደረቴ ላይ ተንፈራፈረች፤ እስኪለቃት ድረስ ይዣት ቆየሁ።

ይግዛው ቀድሞ ወጥቶ በቅሎዋን እየጫነ ነው። ከዚህ ደሴ ሰባት ቀን ነው።